ዩዋን ፕላስ ወይስ አይዲ ፎር? ወሎ ላይ ለሚነዳ ገዢ ደረጃ በደረጃ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በስክሪኑ ስፋትና በደላላው ቃል ነው። ችግሩ የሚመጣው ገዝቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ባትሪው ለጣርማ በር ዳገት አይበቃም፤ የቤቱ መስመር ምጣድና መኪና አብሮ አይችልም፤ የኋላ ጎማ ሲቀደድ ቁጥሩ ከተማው ውስጥ ይጠፋል። ሦስቱም ብር ከመከፈሉ በፊት ሊታወቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

የምናወዳድረው የቢዋይዲን ዩዋን ፕላስ እና የቮልስዋገንን አይዲ ፎር ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። መኪና ማየት አራተኛው ደረጃ ላይ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው፤ መጀመሪያ መኪናውን ያየ ሰው ልቡ ስለሚሄድ ስሌቱን ለመስማት ፈቃደኛ አይሆንም።

## ከመነሳታችሁ በፊት የምትይዙት

ደብተር፣ ሜትር፣ መልቲሜትር፣ ከፍታ የሚያሳይ አፕ የተጫነበት ስልክ፣ እና የምታምኑት ኤሌክትሪሺያን። የባትሪ መረጃ የሚያነብ ስካነር ያለው መካኒክ ከተገኘ ለሰባተኛው ደረጃ ቀጠሮ ያዙለት።

## ደረጃ 1፦ ከባዱን መንገዳችሁን አስሉ

ሻጩ የሚነግራችሁ በአንድ ቻርጅ የሚኬደው ርቀት በቻይና መለኪያ የተገኘ ነው። 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ዩዋን ፕላስ በቻይናው መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ትባላለች፤ ያው ባትሪ በአውሮፓው መለኪያ 420 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት አያውቁትም። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ ባትሪው በሚይዘው ኃይል፣ በኪሎዋት ሰዓት አስሉ።

ሀ. በዓመት ውስጥ ደጋግማችሁ የምትሄዱበትን ከባድ መንገድ ጻፉ። ለአንዱ ደሴ–ኮምቦልቻ ምልልስ ነው፣ ለሌላው አዲስ አበባ፣ ለሌላው በድልብ አድርጎ ጋሸናና ላሊበላ።

ለ. ለሜዳው ጉዞ (ርቀቱን ሁሉ ሜዳ እንደሆነ ቆጥራችሁ)፣ ሰውና ዕቃ ተጭኖ፣ ለዩዋን ፕላስ በ100 ኪሎ ሜትር 17፣ ለአይዲ ፎር 19 ኪሎዋት ሰዓት ያዙ።

ሐ. ለዳገቱ፣ ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ለዩዋን ፕላስ 0.65፣ ለአይዲ ፎር 0.75 ደምሩ። ልዩነቱ የክብደት ነው፤ ትልቁ ባትሪ ያላት አይዲ ፎር ባዶዋን ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች።

መ. ቁልቁለት ኃይል ይመልሳል፤ ነገር ግን ያንኑ ያህል ከፍታ መውጣት የሚወስደውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል ብላችሁ ቀንሱ።

ሠ. ከባትሪው 15 በመቶ ለመጠባበቂያ አስቀምጡ። የአይዲ ፎር ትልቁ ባትሪ 84.8 ኪሎዋት ሰዓት ይባል እንጂ ሁሉም ለመንዳት አይሰጥም፤ ለጥንቃቄ 77 ያዙ።

አሁን ከደሴ እስከ ደብረ ብርሃን እንሞክረው። ርቀቱ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በደብረ ሲና አድርጋችሁ እስከ ጣርማ በር ወደ 1,900 ሜትር ትወጣላችሁ።

ዩዋን ፕላስ፦ ሜዳው 46፣ ዳገቱ 12.4፣ ቁልቁለቱ የሚመልሰው 3.9። ድምሩ 54.5 ይሆናል። ከ60.48 መጠባበቂያው ሲቀነስ ያላችሁ 51.4 ነው። አይበቃም። ትንሹ የ49.92 ባትሪ ያላት ዩዋን ፕላስማ ጭራሽ አትታሰብም።

አይዲ ፎር፦ ሜዳው 51.3፣ ዳገቱ 14.3፣ ተመላሹ 4.5። ድምሩ 61። ከ77 መጠባበቂያው ሲወጣ 65.5 ይቀራል። ትደርሳለች፤ ለመንገድ መዘጋት ወይም ለከባድ ዝናብ ግን የሚተርፋት ጥቂት ነው።

የኮምቦልቻ ነዋሪ ሆኖ ደሴ የሚሠራ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ምልልስና 650 ሜትር ያህል ዳገት ለዩዋን ፕላስ ከ11 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። ትንሹም ባትሪ ለአራት ቀን ያህል ይበቃዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው በትልቅ ባትሪ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ወጪ ነው።

ስሌቱ ካልሞላ፦ መንገዱ ላይ የሚሠራ ፈጣን ቻርጀር መኖሩን በስልክ ሳይሆን የሄደበትን ሾፌር ጠይቃችሁ አረጋግጡ። የማይገኝ ከሆነ ያቺን መኪና ከዝርዝሩ ሰርዟት።

## ደረጃ 2፦ የቤታችሁን መስመር በምጣድ ፈትሹ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው በጣም ብዙ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ከ2 እስከ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ፈተናው ቤታችሁ ውስጥ አለ።

1. ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚጠቀምበት ጊዜ፣ መኪናው ከሚቆምበት አጠገብ ያለውን ሶኬት ቮልቴጅ ለኩ።
2. በዚያው መስመር ላይ ምጣዱን አብሩና ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ።
3. ከ200 ቮልት በታች ከወረደ፣ ወይም ሶኬቱ ወይም መሰኪያው ከሞቀ፣ ያ መስመር መኪና አይሸከምም።
4. ኤሌክትሪሺያኑ በፌዝና በግራውንድ (ያፈሰሰ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት በሚወስደው መስመር) መካከል ይለካ። ከፌዝና ኒውትራሉ ጋር ተቀራራቢ ቁጥር ካልሰጠ ቤቱ ግራውንድ የለውም ማለት ነው።

ግራውንድ ለሌለው ቤት ዘንግ አስቀብሩ። አንዳንድ ባለሙያ ቻርጀሩ ቀይ መብራት ሲያሳይ ግራውንዱን ከኒውትራሉ ጋር አገናኝቶ «ሠራልህ» ይላል። አታስደርጉት። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢላቀቅ የመኪናው ገላ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በዝናብ ቀን በሩን የሚነካው ልጃችሁ ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው አሠራር ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ነው። 7 ኪሎዋቱን ግድግዳ ቻርጀር ከፈለጋችሁ 32 አምፔር ስለሚስብ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ኬብል፣ 40 አምፔር ብሬከርና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልጋል። ኬብሉ ግቢ አቋርጦ ረጅም ርቀት የሚሄድ ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ አድርጉት። ኤክስቴንሽን በፍጹም።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ እወቁት። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት በ2.2 ኪሎዋት ከአንድ ቀን በላይ፣ በ3.3 ኪሎዋት 20 ሰዓት ገደማ፣ በ7 ኪሎዋት ከ9 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። የአይዲ ፎር ትልቁ ባትሪ ከዚህ ሁሉ በሲሶ ገደማ ይረዝማል። ደካማ መስመር ያለው ቤት ትልቅ ባትሪ ቢገዛ ሞልቶት አያውቅም።

መስመሩ ካልቻለ፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የኃይል ማሻሻያ ጠይቁ፤ ምላሹን ሳታገኙ መኪና አትግዙ። ተከራይ ከሆናችሁ የአከራዩን ፈቃድና የቆጣሪ ሒሳቡን አከፋፈል በጽሑፍ ያዙ። ጊዜያዊ መፍትሔው ቻርጀሩን ወደ 8 ወይም 10 አምፔር ዝቅ አድርጎ ከሌሊቱ 4 ሰዓት በኋላ መሰካት ነው።

## ደረጃ 3፦ ጎሚስታውን ጠይቁ

ዩዋን ፕላስ አራቱም ጎማዋ አንድ ቁጥር ነው፤ ለቻይና ገበያ የተሠራችው በአብዛኛው 215/60 አር 17 ወይም 215/55 አር 18 ታደርጋለች። አይዲ ፎር ግን የፊቱና የኋላው ይለያያል፤ ለምሳሌ በ20 ኢንች ቸርኬ የፊቱ 235/50፣ የኋላው 255/45 ነው። ይህ ማለት ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ማዘዋወር አይቻልም፤ አንድ ቅያሪ ጎማ ይዞ መውጣትም ለሁለቱም ወገን በትክክል አይሆንም።

ሁለቱም መኪኖች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ያለ ቅያሪ ጎማ፣ በመለጠፊያ ኪት ብቻ ነው የሚመጡት። ያ ኪት ሚስማር የበሳውን ሊያደርስ ይችላል፤ የፒስታ ድንጋይ ጎኑን የቀደደውን ጎማ ግን አያድንም።

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ያሉ ጎማ ሻጮች ዘንድ ቁጥሮቹን ይዛችሁ ዙሩ። ከሁለት በላይ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ቁጥር ከሆነ የጎማውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምሩት፤ ከመጀመሪያው ቀን አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ ገዝታችሁ ቤት ማስቀመጥ ግድ ይሆናልና። ወደ አቀስታ፣ ወገል ጤና ወይም መቅደላ ወገን የምትወጡ ከሆነ ይህ ነጥብ ለብቻው ምርጫውን ሊወስን ይችላል።

## ደረጃ 4፦ የቆመችው መኪና የትኛዋ እንደሆነች እወቁ

«ፉል ኦፕሽን» የሚለው ቃል ስለ ባትሪው ምንም አይነግራችሁም። እነዚህን ራሳችሁ አንብቡ፦

የባትሪው መጠን። በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ በቻይንኛ ቢሆንም ቁጥሮቹ ይነበባሉ። የባትሪውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ዩዋን ፕላስ ላይ 403.2 ቮልትና 150 አምፔር ሰዓት ካያችሁ 60.48 ነው። 332.8 ከሆነ 49.92 ነው። ሻጩ ከተናገረው ካልገጠመ ድርድሩን አቁሙ። አይዲ ፎርም ከ60 በታች ባትሪ ያላት ዓይነት ስላላት በዚሁ መንገድ አጣሩ።

ዓመተ ምርቱ። ከ17ቱ የሻንሲ ፊደልና አሃዞች 10ኛዋ ኤን ከሆነች 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025 ናት። «ዜሮ» የተባለች መኪና ሁለት ዓመት ቆማ ሊሆን ይችላል፤ የቆመ ባትሪ ደግሞ ያረጃል።

የትኛው አይዲ ፎር። ሻንሲው በኤል-ኤፍ-ቪ ከጀመረ ክሮዝ የሚባለው ነው፤ በኤል-ኤስ-ቪ ከጀመረ ኤክስ የሚባለው። ፓራውልታቸውና መብራታቸው ይለያያል። ዕቃ ስታዝዙ ይህን ካልነገራችሁ የማይገጥም ይመጣላችኋል።

ሶኬቱ። ለቻይና የተሠራ መኪና ለቤት ቻርጅ 7 ቀዳዳ፣ ለፈጣኑ 9 ቀዳዳ ያላቸው ሁለት የተለያዩ መሰኪያዎች አሉት። ከላይ 7 ቀዳዳ፣ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ተያይዞ ካያችሁ የአውሮፓው ዓይነት ነው። በምትሄዱበት መንገድ ያለው ቻርጀር የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትግዙ።

ቋንቋው። ሻጩ «እንግሊዝኛ ይሆናል» ካለ አሁኑኑ ይቀይረው። ስክሪኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ከመሪው ፊት ያለው ማሳያም መለወጡን እዩ፤ የብልሽት ማስጠንቀቂያ የሚመጣው እዚያ ነው።

## ደረጃ 5፦ ሆዷን ለኩ

የአምራቹ የከፍታ ቁጥር በባዶ መኪና የተለካ ሊሆን ይችላል። አራት ሰው አስገቡ፣ ጭነት ካለ ኋላ ጫኑ፣ ከዚያ ከመሬት እስከ ባትሪው ሥር በሜትር ለኩ። ሁለቱንም መኪና በአንድ ዓይነት ጭነት ለኩ፤ አለበለዚያ ውድድር አይሆንም። የቤታችሁ መግቢያ ወይም የሰፈራችሁ ቦይ ምን ያህል እንደሆነ ቀድማችሁ ለክታችሁ ደብተር ላይ ያዙ።

ቀጥሎ መኪናዋ ጋራዥ ትነሣ። የባትሪው ሽፋን ላይ ስርጉድ፣ ስንጥቅ ወይም አዲስ የተቀባ ቀለም ካያችሁ ውጡ። እዚህ ላይ ቅናሽ አትደራደሩ፤ የባትሪ ጉዳት በቅናሽ አይካካስም።

## ደረጃ 6፦ ዳገት ላይ ንዱ

ሻጩ ሐረጎ ድረስ አይወስዳችሁም፤ እንጦጦ ግን ቅርብ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሱ።

1. ስትነሱ ባትሪው ከ90 በመቶ በታች ይሁን።
2. ከታች ከፍታውንና ፐርሰንቱን ጻፉ፤ ላይ ስትደርሱ እንደገና ጻፉ። በደረጃ 1 ስሌት ከሚጠበቀው በጣም ከራቀ ባትሪው ወይም ፍሬኑ ላይ ችግር አለ።
3. ዳገቱ መሀል ቁሙና ተነሱ። ዩዋን ፕላስ በፊት እግር፣ ባለ አንድ ሞተሯ አይዲ ፎር በኋላ እግር ነው የምትነዳው። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የዩዋን ፕላስ የፊት ጎማ ቀድሞ ይንሸራተታል። ደሴ ውስጥ ቤታቸው ዳገታማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ የሆነ ሰዎች ለዚህ ፈተና ጊዜ ይስጡት።
4. ስትወርዱ ዩዋን ፕላስ ላይ የኃይል መመለሻውን ወደ ከፍተኛው፣ አይዲ ፎር ላይ ማርሹን ወደ ቢ አድርጉ። መኪናዋ በራሷ መያዝ አለባት። አይዲ ፎር የኋላ ፍሬኗ ከበሮ ነው፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ነገር ግን ቁልቁለት ላይ ድምፅ ወይም ጭስ መኖሩን አድምጡ።

ደሴ ለሚኖር ልዩ ማስጠንቀቂያ፦ ባትሪ 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመራችሁ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም። መኪናዋ መያዝ ትተዋለች፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ማታ 85 ወይም 90 ላይ እንዲያቆም አዝዙት። የዩዋን ፕላስ ባትሪ የፎስፌት ዓይነት ስለሆነ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሙላት ይፈልጋል፤ ያንን ሥራ በማትወርዱበት ቀን ዋዜማ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አድርጉት። የአይዲ ፎር ባትሪ ኒኬል ያለበት ነው፤ ለዘወትር 80 ላይ ይቁም፤ በተለይ ከሚሴና ባቲ አካባቢ ሙቀት ላይ ሞልቶ ማሳደር ዕድሜውን ይቀንሳል።

## ደረጃ 7፦ ባትሪውን መዝኑ

ያገለገለች መኪና ከሆነች ከ30 እስከ 80 በመቶ ቻርጅ አድርጉና ቻርጀሩ የሰጠውን ኪሎዋት ሰዓት አንብቡ። ለ60.48 ባትሪ 30 ያህል መግባት አለበት፤ በቤት ቻርጀር ከሆነ በመንገድ የሚባክነው ተደምሮ 33 ገደማ። 25 ገብቶ 80 ካለ ባትሪው ተጎድቷል። ስካነር ካላችሁ ባትሪው የተሠራባቸውን ትንንሽ ክፍሎች፣ የሴሎቹን ቮልቴጅ ልዩነትም አንብቡ።

12 ቮልቷን ትንሿን ባትሪም ለኩ። እሷ ከሞተች ዋናው ሞልቶ እንኳ መኪናዋ አትነሳም። በሩን በእጅ የሚከፍተው ቁልፍ መኖሩንም እዚያው ሞክሩ።

## ደረጃ 8፦ ወስኑ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ከሚሴ የሚዞር፣ አዲስ አበባ አልፎ አልፎ የሚሄድ ሰው ዩዋን ፕላስን በ60.48 ባትሪ ይግዛ። ጎማዋ ይቀላል፣ ባትሪዋ መሙላትን ይችላል፣ የቤት መስመር አያስጨንቅም። አስማሚ ኬብሏ ካለ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅና መብራት ታንቀሳቅሳለች፤ ምጣድ ግን አትሰኩባት። ኬብሉ አብሮ መሸጡን ጠይቁ።

አዲስ አበባን ወይም ላሊበላን አዘውትሮ የሚመላለስ፣ 7 ኪሎዋት መስመር ቤቱ ያለው ሰው አይዲ ፎርን በ84.8 ይግዛ፤ ሁለት ተጨማሪ ጎማ ጨምሮ።

ደረጃ 2ን ያላለፈ ሰው ሁለቱንም አይግዛ። አብሽሩ፣ መኪና አያልቅም፤ መስመሩ ይቅደም።

## ደረጃ 9፦ ክፍያ

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከዲክላራሲዮኑና ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። የባትሪውን መጠን፣ የቻርጀሩን ዓይነትና የተባለውን ዋስትና ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገቡ፤ ዋስትናው ደሴ ላይ ለተበላሸ መኪና ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ይገለጽ። ቀሪውን ክፍያ ስም ዝውውሩ ውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም ፈጽሙ።

## ደረጃ 10፦ ወደ ወሎ ማምጣት

መጀመሪያ መንገዱ ክፍት መሆኑን በዕለቱ ከተመላላሽ ሾፌሮች ጠይቁ። ከዚያ፦

1. ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ፤ ግን ከ90 በመቶ አታሳልፉ። ከጣርማ በር የሚጀምረው ረጅም ቁልቁለት የሚመልሰው ኃይል ቦታ ይፈልጋል።
2. በዩዋን ፕላስ ከደብረ ብርሃን ደሴ ያለ ማቆሚያ አትሞክሩ። ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚያድሩበት፣ ግራውንድ ያለው ሶኬት ያለው ሆቴል ቀድማችሁ ያዙ። በ3.3 ኪሎዋት 10 ሰዓት ስትሞሉ 30 ያህል ታገኛላችሁ።
3. ኮምቦልቻ ላይ 60.48 ባትሪ ከ20 በመቶ በታች፣ 49.92 ደግሞ ከ25 በታች ከሆነ ሐረጎን አትጀምሩ። ያ ዳገት ብቻውን ከመንገዱ ጋር 8.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል።

ባትሪው መንገድ ላይ ካነሰ፦ ማቀዝቀዣና ማሞቂያውን አጥፉ፣ ፍጥነቱን ወደ 50 አውርዱ፣ ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ፈልጉ።

ጨርሶ ከቆመች፦ በገመድ አታስጎትቱ፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩ አብሮ ስለሚዞር ኤሌክትሮኒክሱ ሊቃጠል ይችላል። አራቱም ጎማ ተነሥቶ በሎቤድ ትጫን። ሎቤዱ እስኪመጣ ሶስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ለጎማዎቹ ድንጋይ ደግፉ፣ የአደጋ መብራቱንም በየተወሰነ ደቂቃ እያጠፋችሁ 12 ቮልቷን ቆጥቡ።